የበቅሎዋ አባት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ ዛሬ ከበረቱ አውጥቼ ወደ ወንዝ እወስዳችኋለሁ።

አንዲት ለጋ በቅሎ ነበረች። ጠዋት ውኃ ልትጠጣ በወረደች ቁጥር ዳማ ፈረስ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ «አንቺ፣ አባትሽ ማን ነው?» ይላታል። እሷም አንገቷን ደፍታ፣ «እናቴ ፈረስ ናት» ትላለች። ወንዙ በሳቅ ይናወጣል።

ለሽማግሌው በሬ አቤት አለች። በሬም እያመሰኳ፣ «ወደውሽ ነው የሚያበሽቁሽ። ለማንኛውም ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ ውረጂ» ብሎ ፈረደ። ፍርዱን አክብራ የደፈረሰውን ስትጠጣ ከረመች። ፈረሶቹ ግን ጨዋታው እንዳይቀርባቸው ቆመው ይጠብቋት ጀመር።

አንድ ቀን ጭቃው ጉሮሮዋን ሲከረክራት፣ የመጣው ይምጣ ብላ በጠዋት ወረደች።

«አባትሽ ማን ነው?» አላት ዳማ። ጓደኞቹ ጥርሳቸውን አግጥጠው ለሳቅ ተዘጋጅተዋል።

«አህያ ነው» አለች ቀና ብላ። «ያ ሸክሙን ይዞ ዳገት የሚወጣው። ጉልበቴ የሱ ነው። ያንተስ አባት ማን ነው?»

ዳማ አሰበ። የአባቱን ነገር ጠይቆም አያውቅ።

«እናቴ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

ከዚያ ወዲህ፣ ሁሉም ጠጥቶ ሲሄድ ብቻውን የሚወርድ አንድ ዳማ ፈረስ አለ ይባላል።

ተረቴን መልሱ፣ ውኃውን ግን አታደፍርሱ።