በእትዬ ዘርፌ ስልክ የደረሰው መርዶ

በአንድ ወቅት፣ ጥድ አምባ በምትባል ከተማ፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ውድነህ ደረታቸውን ታመው ተኙ። ሰውዬው አንዴ ሲነፉ በሦስት ቀበሌ ያለ ሁሉ ከአልጋው ይወድቅ ነበር፤ እንዲያውም ሟቹ ራሱ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ቀና ሊል ምንም አይቀረው ነበር ይባላል። ጥበባቸው ግን ማስጮሁ ላይ አልነበረም። የሟቹን ስም የሚናገሩት በየደጁ ቆመው ነው፤ ባለሐዘኑ ደጅ ሲቃረቡ ጥሩምባውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በእግር ጣታቸው ቆመው ያልፉ ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ በሰው አፍ፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነዋ!

እሳቸው ሲተኙ ዕድሩ አደራውን ለሦስት የአንድ እናት ልጆች ሰጠ።

ታላቁ አምሳሉ የዕድሩን ድረ ገጽ ሠራ። የአባላቱ ስም፣ የድንኳኑ ብዛት፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ምን ያደርጋል! ገጹን ከፍቶ የሚያይ ጠፋ። በአቶ ገበየሁ ቀብር ላይ አራት ሰውና አንድ አህያ ተገኘ፤ አህያውም መንገድ ስቶ ነው።

መካከለኛው ደርብ መላ አመጣ። ፕለጊን የሚሉት፣ ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት ቁራጭ አለ፤ በገጹ ፊት ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ወዲያ ገጹ ተዘግቶም መልእክቱ በየስልኩ ያቃጭላል። ደርብ በአንድ ከሰዓት ሰካው። ታዲያ ስልኩ አስቀድሞ «መልእክት እንዲደርስዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ «ፍቀድ»ን ካልነካ ምንም አይደርሰውም። የጥድ አምባ ሰው ደግሞ ጥላውን እንኳ «ማን ላከህ?» ብሎ የሚመረምር ነው፤ ሁሉም «ከልክል»ን ነካ።

ታናሿ ትርንጎ እግሯን አነሣች። ሁለት መቶ አሥር ደጅ አንኳኳች፤ ሰዉን እያግባባች «ፍቀድ»ን አስነካች፤ ሦስት ጫማ ጨረሰች፤ አራተኛውን ውሻ በላው። በመጨረሻ የደረሰችው እትዬ ዘርፌ ዘንድ ነው። እትዬ ዘርፌ መኳንንት የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

«ልጄ፣ ይሄን ነገር እፈራዋለሁ» አሉ። «የኔ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ክፉ ቢመጣ ከዚህ ዕቃ አፍ እንዳልሰማ።»

«ኧረ እትዬ! የባለሐዘኑን ስልክ እናልፈዋለን። የአባቴ አጽም ይፋረደኝ፣ እርስዎ ጋ አይጮህም!»

«እንግዲያስ መነጽሬን አላገኘሁትም፤ አንቺው ንኪው።»

ትርንጎ «ፍቀድ»ን ነካችው።

ቤት ገብታ ለወንድሞቿ ነገረቻቸው። ደርብ ሳቀ። «ሳትጠይቂኝ ማልሽ? ይሁን» ብሎ ከመላኪያው በላይ «የሚታለፉ ስልኮች» የምትል ሣጥን ጨመረ፤ ስሙ እዚያ የተጻፈ ሰው መልእክቱ አይደርሰውም። አምሳሉም «እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» አለ። ትርንጎ ሁለቱን አምና እፎይ አለች።

ጥቂት ወራት ነገሩ እንደ ማር ሄደ። ለቀብር የሚወጣው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ጥድ አምባ ላይ መሞት ያስመኝ ጀመር። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች የልብ ወዳጃቸው ቀብር አመለጣቸው። ስማቸው በቀድሞ ሐዘናቸው ጊዜ ሣጥኗ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያው ተረስቶ ኖሯል። ዕድሩ ፊት እንደ ሕፃን አለቀሱ። አምሳሉ አንጀቱ አልችል አለ፤ ሣጥኗን ከላይ እንዳለች ትቶ ሥራዋን አቋረጠ። «ዘግቻታለሁ፣ አትመናት» ብሎም በዚያው በሚያቃጭለው መንገድ ለደርብ ላከ። ለትርንጎ አልነገራትም። ደርብም አላነበበውም፤ የሰውን ሁሉ ስልክ የሚያስጮኸው ደርብ፣ ጩኸቱ ሰልችቶት በራሱ ስልክ «ከልክል»ን ነክቶ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ የመኳንንት መኪና ገደል ገባ። የዕድሩ ሽማግሌዎች በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቱን ሊያረዱ ቆረጡ። ደርብ ስልኩን አወጣ፤ የእትዬ ዘርፌን ስም ሣጥኗ ውስጥ ጻፈ፤ ላከ።

እትዬ ዘርፌ ደጃቸው ላይ በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ስልኩ አቃጨለ። መነጽራቸው ይሄኔ አፍንጫቸው ላይ ነው። ንባብ የተማሩት በስተርጅና ስለሆነ ድምፅ አውጥተው፣ ፊደል በፊደል ነው የሚያነቡት። «የእ-ት-ዬ ዘር-ፌ ል-ጅ መ-ኳን-ን-ት…» ማቆም አልቻሉም። እስከ መጨረሻው አነበቡት፦ «…አርፏል። ለመርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ደጃቸው እንገናኝ። እሳቸው እንዳይሰሙ።»

ትርንጎ ወሬውን ሰምታ ሮጣ ስትደርስ እትዬ ዘርፌ አላለቀሱም። ስልኩን ዘረጉላት። «ያንቺ ጣት ነው የነካው» አሉ።

ከዚያ ደጅ እስከ ወንድሞቿ ቤት ያለው መንገድ ለትርንጎ የሦስት ቀን መንገድ ሆነባት።

«ሣጥኗስ?» አለች።

«ዘግቻታለሁ። ለደርብ ጽፌለት ነበር» አለ አምሳሉ።

«ለእኔስ? በአባታችን አጽም የማልኩት እኔ አይደለሁ?»

«ታለቅሻለሽ ብዬ…»

«አሁን እየሳቅሁ ነው?»

ከዚያን ቀን ወዲያ ትርንጎ በመንገድ ስታልፍ ሰዎች ስልካቸውን እያወጡ፣ ዐይኗ እያየ «ከልክል»ን ይነኩ ጀመር። ሰድበዋት ቢሄዱ ይሻላት ነበር፤ ማንም አልሰደባትም፣ ማንም ሰላም አላላትም።

አርባው ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሄዱ። እትዬ ዘርፌ ቃላቸውን አሳጠሩ፦ «ይቅር እላለሁ። እንደ ወጋችን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ደጄ ላይ የሚወድቅ ሰው ይምጣ። ግን አንድ ሰው ነው የምፈልገው። ለሦስት ቢሸከሙት ለእነሱ ይቀልላቸዋል፤ ለእኔ ግን አልቀለለኝም።»

ድንጋይ ተፈለገ። ስምንት ወጠምሻ አንከባልሎት፣ ዘጠነኛው ወገቡን ይዞ ቀረ ይላሉ። ሦስቱም በዕድሩ ዳኛ ፊት ቆሙ።

አምሳሉ፦ «የዘጋሁት ሁለት አረጋውያን ሲያለቅሱ አይቼ ነው። ለሚልከው ሰው ጽፌያለሁ። ያላነበበ ይሸከም።»

ደርብ፦ «እኔ ስማቸውን ጽፌያለሁ። የሞተች ሣጥን በሕይወት እንዳለች አስመስሎ የተወልኝ እሱ ነው። ደግሞስ እኔ ማልኩ?»

ትርንጎ ወደ ወንድሞቿ ዞረች። «እኔ ያመንኩት የእናቴን ልጆች ነው» አለች። «ከእነሱ ወዲያ ማንን ልመን ነበር?»

«ታዲያ ልጄ» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው፣ «በሌላ ሰው እጅ ያለውን ነገር በአባትሽ አጽም ለምን ማልሽበት?»

ዳኛው ራሳቸውም ፍርድ አጡ፤ ቆባቸውን አድርገው ወጡ። ድንጋዩ እዚያው ተቀምጧል፤ እትዬ ዘርፌም ደጃቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

እናንተ ጆሯችሁን ያዋሳችሁ ሰዎች፣ ምላሳችሁን ደግሞ አውሱ፤ ስትከራከሩ ብቻ እንዳትማቱ። ለአንዱ አዝኖ፣ ለሌላው ሳይነግር የዘጋው አምሳሉ፣ የራሱን ስልክ ዘግቶ በሰው ስልክ የላከው ደርብ፣ ወይስ ወንድሞቿን አምና በገዛ ጣቷ የነካችው ትርንጎ፤ ያ ድንጋይ የሚገባው ለማን ጫንቃ ነው?