የአሻጋሪው ተዝካር

አንድ ጓንጉል የሚባል ወንዝ አሻጋሪ ነበር። ከመንደሩ በታች ከሚፈሰው ትልቅ ወንዝ ማዶ ሁልጊዜ ጢስ ይታያል። የመንደሩ ሰው ጢሱን እያሳየ "ሰው በላዎች ናቸው" እያለ ልጆቹን ያስፈራራበታል እንጂ፣ ማን እንደሚያነደው ሄዶ ያየ አልነበረም። ጓንጉል ጎረምሳ ሳለ ይህ ነገር እረፍት ነሣው። በነሐሴ ሙላት የተነፋ አቅማዳ ታቅፎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው እንደ ገለባ አንከባልሎ ወሰደው። መንደሩም ሞተ ብሎ ልቅሶ ተቀመጠ።

መስከረም አልፎ ውሃው ሲጎድል ግን ጓንጉል ወፍሮ፣ የማዶውን ቋንቋ እየተኮላተፈ ተመለሰ። "ሰው በላ የምትሏቸው ጎትተው አወጡኝ። የተሰበረ ጎኔን ጠግነው፣ ከልጃቸው ከዋቅጅራ ጋር እኩል እያበሉ አከረሙኝ" አለ። ዋቅጅራና እሱም ከዚያ ወዲያ ወንድማማች ተባባሉ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ አሻጋሪ ሆኖ ኖረ። ሙሽራውንም፣ ቄሱንም፣ ጥጃውንም በክንዱ አሻገረ። ወንዙ ሲጠብበት ደግሞ አገር ሊያይ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ከጠረፍ ግመል እየጎተተ መጥቶ፣ የአገሩ በቅሎ ሁሉ ደንብሮ ገበያው ተበተነ። ተከሶ ሽማግሌ ፊት ሲቆም ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ራሱ ነበር። ሴት ልጁን እንጉዳይንም፣ "ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ!" እያለ አገር ሲንጫጫ፣ ዋና አስተማራት። እንዲህ ኖሮ፣ አርጅቶ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቦት ሞተ።

ታላቁ ልጁ ተድላ ግራዝማች ተብሎ ተሹሞ ነበር። የተዝካሩ ዕለት ጠዋት አልቃሿን ለብቻዋ ጠራትና፣

"አሻጋሪ ነበር እንዳትዪ። ወንዝ የሚባል ነገር እንዳታነሺ። መኳንንት ይመጣሉ" አላት።

"ታዲያ ምን ልበል ጌታዬ?"

"ባለ ርስት ነበር፤ ሲያዝ የኖረ ጌታ ነበር በይ።"

እንጉዳይ ከጓዳ ሆና ሰማች። የአባቷን ተዝካር በጠብ ላለመጀመር ግን ነገሩን ዋጥ አደረገችው።

ዳሱ ሞላ። መኳንንቱ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አልቃሿም ተነሥታ፣

እግሩ ጭቃ አልነካ፣ እጁ ሥራ አያውቅ፣
ሲያዝ የኖረ ጌታ ከአልጋው ሳይርቅ

ስትል ግራዝማች ተድላ ራሱን ነቀነቀ። እንጉዳይ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይህ ለቅሶ ነው ወይስ ስድብ?

በዚህ መሀል ከዳሱ በር ግርግር ተሰማ። ሽማግሌው ዋቅጅራ ወንድና ሴት ዘመዶቹን አስከትሎ፣ ልብሳቸው ከወንዙ እንደራሰ መጥቶ ነበር። በሩን የያዘው የእንጉዳይ ታናሽ ወንድም ሽባባው "ቦታ ሞልቷል" አላቸው። ከመኳንንቱ አጠገብ የተነጠፈው አንድ ምንጣፍ ግን ገና ሰው አልነበረበትም።

"ወንድሜ ነው። ላለቅስለት ነው የመጣሁት" አለ ዋቅጅራ።

"አባታችን ማዶ ወንድም የለውም።"

ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈግፍጎ፣ ፀሐይ ላይ መሬት ተቀመጠ። እንጉዳይ ከዚህ በላይ አልቻለችም። የያዘችውን ሌማት አስቀምጣ ዳሱ መሀል ቆመች።

"ጋሼ ተድላ! ይሄ የሚለቀስለት ሰውዬ ማነው? እኔ አላውቀውም!"

"ዝም በይ! ቤታችንን ልታዋርጂ ነው?"

"ያዋረድከውስ አንተ ነህ! እጁ ሥራ የማያውቅ ትላለህ? አንተ ፈንጣጣ ይዞህ ተስፋ ሲቆረጥብህ፣ የማዶውን መድኃኒት አዋቂ ሊያመጣልህ በሙላት የዋኘው በየትኛው እጁ ነው? ያ መድኃኒት አዋቂ የዋቅጅራ አባት ነበር። ልጁ ዛሬ ደጅህ ላይ ፀሐይ ይበላዋል! አባቴ በኖረው ኑሮ አንድም ቀን አላፈረም። ያፈርክበት አንተ ነህ። ሞቶ ዝም ስላለ ያሻህን ታለብሰዋለህ!"

ይህን ብላ ወጣችና ከእንግዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ተይ ልጄ፣ በእኛ የተነሣ ከወንድምሽ አትጣይ" አላት ዋቅጅራ።

"በእናንተ አይደለም አባቴ። በሟቹ ወንድምዎ ነው።"

ያን ጊዜ ዋቅጅራ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በራሱ ቋንቋ፣ የወንድሙን ስም እየጠራ አለቀሰ። አልቃሿ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ታጥቃ ከዳሱ ወጣች። ግራዝማች "ወዴት?" ቢላት "ጌታዬ፣ የማላውቀውን ሰው ማልቀስ ጉሮሮዬ እምቢ አለ" አለችው። ከዋቅጅራ አጠገብ ቆማም፣

አገር ዳር ቆሞ ወንዙን ሲያማው፣
ማዶ ያለውን ሰው ዋኝቶ የሰማው

ብላ አወጣች። ይህን ጊዜ ጓንጉል በክንዱ ያሻገራቸው ባልቴቶች እየተደጋገፉ ወጡ። ቄሱም ተከተሉ። ከመኳንንቱ አንዱ "እውነት በሙላት ዋኝቷል?" ብሎ ጠየቀና፣ ዋንጫውን እንደያዘ ሊሰማ ሄደ። በመጨረሻ ሽባባው አንገቱን ደፍቶ ባዶውን ምንጣፍ ጠቀለለና አምጥቶ ለዋቅጅራ አነጠፈለት። ሽማግሌውም እጁን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠው።

ግራዝማች ተድላ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህም ከአልጋው ስላልወረደው ጌታ ለልጆቹ ማውራቱን አልተወም። ልጆቹ ጨዋ ናቸውና ዝም ብለው ይሰሙታል። ከሰሙት በኋላ ግን ተነሥተው አክስታቸው ቤት ይሄዱና "እስቲ ስለ አያታችን ንገሪን" ይሏታል።

የሞተ ሰው የተባለለትን ሁሉ ተኝቶ ይሰማል፤ "ይህ እኔ አይደለሁም" ብሎ አይሟገትም። ስለዚህ ያልነበረውን ክብር ማልበስ፣ የኖረውን ኑሮ እንደ መንጠቅ ነው። ሰውየውን ከነጭቃው፣ ከነሳቁ፣ ከነወዳጆቹ ያላስታወሰ ቤተሰብ፣ ያከበረው ራሱን እንጂ ሟቹን አይደለም።

እርስዎስ ስለ አባትዎ ሲያወሩ፣ የሚያውቁት ወዳጆቹ ቢሰሙ "አዎ፣ እሱ ነው" ይላሉ?