ዳገቱ ላይ የቆመችው ፔጆ

አንድ ቀን ጥላዬ ወንዳፍራሽ የሰው መኪና እያየ ማጨብጨቡ ቀረና ራሱ መሪ ጨበጠ። ነገሩ የሆነው ፈረንሳይ አገር፣ ሮሽግሪዝ በምትባል ተራራ ላይ በተንጠለጠለች መንደር ነው።

ጥላዬ ድሬዳዋ ፔጆ ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ልጁ ፈረንሳይ አግብታ ስትወልድ «አባዬ፣ ና እኛ ጋ ኑር» ብላ ወሰደችው። ሄደ። ብርዱን ለመደ፣ የሚሸተውን አይብ ለመደ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልሆነለትም። ታዲያ አንድ እሁድ ሥራ ፈትቶ ሲንገላወድ የአሮጌ መኪኖች የዳገት ውድድር ላይ ደረሰ። በወጣትነቱ የነዳቸው፣ የጠገናቸው፣ አልነሳ ብለው የሰደባቸው መኪኖች ሁሉ ታጥበውና ተወልውለው፣ በራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው፣ እያጓሩ ዳገቱን ሲወጡ ባየ ጊዜ እንባው መጣ። የሞተ ዘመድ ተነስቶ ሲመጣ ያየ ሰው እንኳ እንዲያ አይደሰትም።

ከዚያ ወዲህ ታጣፊ ወንበሩን በብብቱ፣ የሻይ ፔርሙዙን በእጁ ይዞ የማይሄድበት ራሊ፣ የማይወጣው ዳገት ጠፋ። በዚያ አካባቢ ያለ ሾፌር ሁሉ አወቀው። ኩርባ ላይ ቆሞ «ማርሽ ቀንስ! ማርሽ ቀንስ አንተ!» እያለ በአማርኛ ይጮኻል፤ ጉዱ፣ አንዳንዱ ፈረንሳዊ እውነትም ይቀንሳል።

ጎረቤቱ ደግሞ ሙሴ ፌርናን የሚሉት ደግ ሽማግሌ ነው። «ሙሴ» የሚለው ማዕረግ የድሬ ነው፤ ድሬ ላይ ፈረንሳዊ ሁሉ ሙሴ ነበር። ሙሴ ፌርናን ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም፣ ያለችው አንዲት ነጭ ፔጆ 404 ናት። ወገቡ ስለያዘው መንዳት አቁሟል። ስለዚህ ጥላዬ በየሳምንቱ እየሄደ ሞተሯን ያስነሳላታል፣ ዘይቷን ያያል፣ «እንዴት ነሽ የኔ እመቤት» እያለ ቦኔቷን መታ መታ ያደርጋል። ወዷታል፤ በቃ፣ ወዷታል።

ችግሩ አቶ ልዑልሰገድም ፈልጓታል።

አቶ ልዑልሰገድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በተማሪነቱ ፈረንሳይ ገብቶ እዚያው ቀረ። የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ዝናብ ብታነሳበት፣ ዝናቡን እሱ ያዘነበው ይመስል ከደመናው ጀምሮ ያስረዳሃል። ግቢው ውስጥ ጋራዥ አለው፤ ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሰው የተኙ አሮጌ መኪኖች አሉት። አይነዳቸውም። እንግዳ ሲመጣ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ያሳይና መልሶ ይሸፍናቸዋል። የሚነዳት አንዲት አሮጌ ቀይ የሽቅድምድም መኪና ብቻ ናት፤ እሷም ከመሬት ጋር የተጣበቀች፣ ሲገቡባት የሚተኙባት ዓይነት።

ሁለቱም ፔጆዋን ስጠን እያሉ ሙሴ ፌርናንን መውጫ መግቢያ ሲያሳጡት፣ ሽማግሌው አንድ ማለዳ ጠራቸው።

«ልጅ ቢኖረኝ ለልጄ በሰጠኋት» አለ። «እናንተን ማበላለጥ አቃተኝ። በሚመጣው እሁድ ሮሽግሪዝ ላይ የአሮጌ መኪኖች ውድድር አለ። ልዑልሰገድ በራስህ መኪና ውጣ፤ ጥላዬ፣ አንተ በእኔዋ ውጣ። ከሁለታችሁ የበለጠ ይውሰዳት።»

ልዑልሰገድ ከት ብሎ ሳቀ። «የእኔን መኪና ሊበልጥ? በታክሲ?»

«ፍጥነት አይደለም የሚታየው» አለ ሙሴ ፌርናን።

«አውቃለሁ!» አለ ልዑልሰገድ። በርግጥም ያውቃል።

ጥላዬ ደስታው ልክ አጣ። ልጁ ሄልሜት ገዛችለት፤ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ምሳ ቀረበለት፣ ማንኪያው አልገባ ሲለው ነው ያወለቀው። «ሸራ ለብሰሽማ አትተኚም» ይላታል ፔጆዋን እያሻሸ። «እኔ እያለሁ? በየሳምንቱ ነው የማዞርሽ!»

እሁድ ደረሰ። መንደሯ በሰው ተጥለቀለቀች። የተጠበሰ ቋሊማ ይሸታል፣ የተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል፤ ለጥላዬ ሁለቱም ሽቶ ናቸው። ዋና ዳኛዋ ማዳም ኦዲል የምትባል፣ ፊቷ በዋዛ የማይፈታ ሴት ናት። ሾፌሮቹን ሰብስባ ደንቡን ነገረቻቸው።

«ሁለት ጊዜ ትወጣላችሁ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ። የምናየው ማን ፈጠነ ብለን አይደለም። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሰዓቱ እጅግ የተቀራረበለት ያሸንፋል። ሰዓት ለማስተካከል ብሎ መንገድ ላይ የቆመ ግን ይሰረዛል። ጥያቄ አለ?»

ልዑልሰገድ ጥያቄ አልነበረውም፤ ማብራሪያ ግን ነበረው። እስኪጨርስ ድረስ ሰዉ ተራ በተራ ሽንት ቤት ደርሶ መጣ።

ፔጆዋ ዝግተኛ ስለሆነች ከሁሉም በኋላ፣ ጭራ ላይ ተሰለፈች። ጥላዬ ግድ አልሰጠውም። የእሱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ጠዋትም ቀስ ብሎ፣ ከሰዓትም ቀስ ብሎ፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው አረጋገጥ። ሠላሳ ዓመት ድሬዳዋ ላይ ከኮኔል ከዚራ ሲመላለስ እንዲያ ነው የነዳው። ባንዲራው ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ለቀቀና እያዘፈናት ወጣ። ሰዉ በግራም በቀኝም ያጨበጭባል። ጥላዬ በመስኮት እጁን እያወጣ ያውለበልባል። እንዲህ ያለ ደስታ ከሠርጉ ወዲህ አላየም፤ ሠርጉ ላይም ጫማው ጠቦት ነበር።

ዳገቱ መሃል ላይ አንድ የእርሻ ቤት አለ። የቤቱ ባለቤት፣ እድሜ የጠገቡ ገበሬ፣ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። መኪና በመጣ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ልዑልሰገድ ሲያልፍ ተነሱ። ከእሱ በፊትም ለነበሩት፣ ከእሱ በኋላም ለመጡት ሁሉ ተነሱ። ሁሉም እንደ ጥይት አለፏቸው። መጨረሻ ላይ ፔጆዋ ስትመጣ፣ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው እንደ ምንም ብለው ተነሱና ቆባቸውን አወለቁ።

ጥላዬ ፍሬን ያዘ።

አስቦበት አይደለም። እግሩ ነው የያዘው። አባት የሚሆን ሰው ተነስቶለት፣ እሱ አቧራ እያለበሰ ሊያልፍ? ይህ እንዴት ይሆናል? መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረደና፣ ከድሬ ለገሃር በለቀማት ፈረንሳይኛ ጀመረ።

«ኧረ በእግዜር አባባ! ኧረ ይቀመጡ! እንዴት አደሩ? ደህና አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤት እንዴት ነው? እመቤቲቱ ደህና ናቸው? ልጆች ደህና? ከብቶቹ ደህና?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ግን ጠጋ አሉና መለሱ። ጉልበታቸውን እንዳመማቸው አደሩ፣ ሚስታቸው ደህና ናት፣ ልጆቹ ከተማ ከገቡ ደውለው አያውቁም፣ ላሚቱ ወልዳለች። «እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለ ጥላዬ ለላሚቱ። ተጨባበጡ። «በሉ ሰላም ይዋሉ» ብሎ በአንደኛ ማርሽ ተነሳ።

ጫፉ ላይ ሲደርስ በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ በሳቅ ፍርስ ብሏል። ልዑልሰገድ ግን አልሳቀም፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ነው የጠበቀው።

«አንተ ሰውዬ! ውድድር መሃል ቆመህ ወሬ? አዋረድከን እኮ!»

«ተነሱልኛ! ምን ላድርግ?»

«ለእኔም ተነስተዋል። ክላክስ አድርጌ አለፍኩ። አሁን የጠዋቱ ሰዓትህ እንደ ሁዳዴ ተንዛዝቷል። ከሰዓት እሱኑ ልትደግም ነው? አትችልም! ሰዓት ለማስተካከል የቆመ ይሰረዛል። በቃ፣ አለቀልህ። ለፔጆዋ የሚሆን ሸራ ገዝቻለሁ።»

ጥላዬ ወደ ፔጆዋ ሄደ። ቋሊማ አቀረቡለት፣ አልበላም። ፔጆዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ሰላምታ ወዳድነቴ ይዞሽ ገደል ገባ» አላት። ሙሴ ፌርናን ከሩቅ እያየው ፒፓውን ያጨሳል። ጥላዬ ከሰዓት በኋላ ላለመቆም ለራሱ ማለ። ቢያንስ ሰው አይስቅበት። ፊቱን ወደ ፊት፣ እግሩን ነዳጅ ላይ አድርጎ እልም ሊል ነው።

ከሰዓት ተራው ደረሰ። ልዑልሰገድ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሰዉ በጭብጨባ ሲቀበለው ልቡ ሞቀና ነዳጁን ረገጠው። ቀይዋ መኪና እንደ ወፈፌ ተተኮሰች። አጀብ አሰኘ። ከጠዋቱ ሰዓቱ ጋር ግን ተለያየ፤ ተዋውቀው የማያውቁ እስኪመስሉ ድረስ። ቢሆንም አልሰጋም። ታክሲ ነጂው ከእሱም ብሶ ይለያይበታል።

መጨረሻ ላይ ጥላዬ ወጣ። ጥርሱን ነክሶ፣ መሪውን አንቆ ወጣ። የእርሻው ቤት ጋ ሲደርስ አየ። ሽማግሌው ኮት ለብሰዋል። ከረባት አስረዋል። በጠዋቱ ልብሳቸው አይደሉም፤ እሱን ሊጠብቁ ነው የለበሱት። መኪናዋን ሲያዩ ተነሱና ቆባቸውን አወለቁ።

ማን ያልፋል? እስቲ ማን ያልፋል! ፍሬን።

«ኧረ በእግዜር አባባ! ኧረ ይቀመጡ! እንዴት ዋሉ? ደህና ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤት እንዴት ነው? እመቤቲቱ ደህና ናቸው? ልጆች ደህና? ከብቶቹ ደህና?»

ሽማግሌው መለሱ። ጉልበታቸው ተሻለው፣ ሚስታቸው ደህና ዋለች፣ ልጆቹ ዛሬም አልደወሉም፣ ጥጃዋ መጥባት ጀመረች። «እሰይ! ትደግላችሁ!» ተጨባበጡ። «በሉ ሰላም ያምሹ።» አንደኛ ማርሽ።

የኛ ሰው ሰላምታ መቼም ታውቁታላችሁ። ቢቸኩልም አያጥርም፣ ቢዝናናም አይረዝምም፤ የተጠየቀው ሁሉ ተጠይቆ ሲያልቅ ነው የሚያልቀው። ጥላዬ ጫፉ ላይ ሲደርስ ማዳም ኦዲል የጠዋቱን ሰዓት አየች፣ የከሰዓቱን አየች፣ ሰዓት መያዣው ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ነቀነቀችው። ሌላ ሰው ጠርታ አሳየች። እሱም ነቀነቀው። ከተወዳዳሪው ሁሉ እንደ ጥላዬ ሁለት ሰዓቱ የገጠመለት አልተገኘም።

«ቆሟል!» አለ ልዑልሰገድ፣ ሰዉን እየገፋ መጥቶ። «ሰዓት ለማስተካከል የቆመ ይሰረዛል ብለዋል! ሁሉም አይቶታል! ይሰረዝ!»

ሰዉ ወደ ዳኛዋ ዞረ። ሙሴ ፌርናን ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ጥላዬ ሄልሜቱን አቅፎ ፔጆዋን ያያል፤ ከእጁ ስትወጣ ታየችው።

«ሙሴ ጥላዬ» አለች ዳኛዋ ኮስተር ብላ፣ «ጠዋት ለምን ቆሙ?»

«ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ተነሱልኝ ማዳም። ታላቅ ሰው ተነስቶልኝ ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም።»

«ይሁን። የጠዋቱን ለሰላምታ ነው ብዬ ልቀበልዎ። የሚያስተካክሉት ሰዓትም ገና አልነበረም። የከሰዓቱን ግን እንዴት ላድርግዎ? እኚህን ሰው ጠዋት ሰላም ብለዋቸዋል። በአንድ ቀን አንድን ሰው ሁለቴ ቆሞ ሰላም ማለት ምን ይባላል?»

«ሰዓት መግደል ይባላል!» አለ ልዑልሰገድ።

ጥላዬ ዞሮ አየው። ከዚያ ዳኛዋን አየ። ፊቱ ላይ ተንኮል የለም፤ ነገሩ እንዴት እንዳልገባቸው ነው የገረመው።

«ማዳም፣ ጠዋት የጠየቅኳቸው እንዴት እንዳደሩ ነው እኮ! እንዴት እንደዋሉ ገና ሳይውሉ ልጠይቃቸው ኖሯል?»

ሰዉ በሳቅ አውካካ። ዳኛዋ ሳቋን ውጣ ወደ ልዑልሰገድ ዞረች። «እርስዎ ያገሩ ሰው ነዎት። እውነት እናንተ ዘንድ እንዲህ ነው?»

ልዑልሰገድ አፉን ከፈተ። አይደለም እንዳይል ውሸት ነው፤ አላውቅም እንዳይል ደግሞ ይህችን ቃል በእድሜው ተናግሯት አያውቅም። «እርግጥ... ባህሉስ አለ» አለ በቀጭን ድምፅ፤ ወዲያው ግን እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ። «የጠዋቱ የአዳር ነው፤ የከሰዓቱ የውሎ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ጉዳዩ እንዲያውም ጥንታዊ...»

«ይበቃል» አለች ማዳም ኦዲል። «ደንቡ ሰዓት ለማስተካከል የቆመ ነው የሚለው። ይህ ሰውዬ የቆመው የሰው ውሎ ሊጠይቅ ነው። አሸናፊው እሱ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ማለዳ መጥቼ እስካሁን በእግሬ ቆሜአለሁ፤ እንዴት ዋልሽ ያለኝ አንድ ሾፌር የለም» አለች።

ሙሴ ፌርናን የፔጆዋን ቁልፍ ዘረጋ፤ ጥላዬ ግን እጁን ለቁልፉ አልሰደደም። «ውይ ማዳም! በሞትኩት! እንዴት ዋሉ? ደህና ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ጀመረላት፤ የሽልማቱም ሥነ ሥርዓት የዳኛዋ ቤተሰብ አንድ ሳይቀር ተጠይቆ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ጠበቀ።