የገመሬ ሦስት ቅበላ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ተረቴ ስለ ሆድ ነው። እኔ ራሴ ሆድ አለኝ፤ ስለዚህ በሌላው ሆድ የምስቅ እንዳይመስላችሁ።

በዱሮ ጊዜ፣ እንስሳም ድንጋይም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ገመሬ ዝንጀሮ ነበር። ገመሬ ማለት የመንጋው ትልቁ ወንድ ነው። ሚስቱን እመት ጫሪትንና ዘመዶቹን ይዞ ገደል ላይ ይኖር ነበር። ቀን ሜዳ ወርደው ሥር ይጭራሉ፣ ቅጠል ይቀነጥሳሉ፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳሉ። የገደሉ በር አንዲት ስንጥቅ ነበረች። ለዝንጀሮ ትበቃለች፣ ለነብር ትከሻ ግን ትጠባለች። ከስንጥቋ በላይ የገባ በሰላም ያድራል፤ ከስንጥቋ በታች የቀረውን ነብር ይወስደዋል።

አንድ ቀን ከገደሉ በታች ባለው መንደር ሰርግ ተደገሰ። ገመሬ ከዳሱ ጀርባ ትራፊ አገኘ፤ ጮማ የቀረበት አጥንት፣ ቅቤ የጠጣ እንጀራ። ቀመሰው፤ ጣፈጠው። ከዚያ ወዲያ ሥር መጫር ተወ። ሰርግ ሲኖር ሰርግ፣ ተዝካር ሲኖር ተዝካር፤ በልቶ ከገደሉ ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር መተኛት ሥራው ሆነ።

አንድ ምሽት ሲገባ ስንጥቋ ሆዱ ላይ ያዘችው።

«አንቺ ስንጥቅ፣ ለምን ጠበብሽ?» አላት።

«እኔ ድንጋይ ነኝ» አለችው። «ድንጋይ አይወፍርም፣ አይከሳም።»

«ታዲያ ማነው የወፈረው?»

«እሱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በር ብቻ ነኝ።»

ገመሬ ግራ ገባው። እመት ጫሪት ሁለት እጁን ይዛ ጎትታ አስገባችው።

«ስማኝ» አለችው። «ያን ትራፊ ተው። ከእኛ ጋር ውረድ፣ ከእኛ ጋር ጫር፣ ሥሩንና ቅጠሉን ብላ። ጾም ያዝ ነው የምልህ።»

«እሺ፣ ነገ እጀምራለሁ» አለ ገመሬ።

ይህን ከታች ሆኖ ነብር ሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ነብር የፍየል ጭን ይዞ መጣ። ቀን ቀን ነብር ከዝንጀሮ መንጋ ጋር አይጋፈጥም፤ መንጋውም ቅርብ ነበርና ገመሬ አልሸሸም።

«አያ ገመሬ፣ ጾም ልትገባ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ዛሬ እጀምራለሁ።»

«ያለ ቅበላ?»

«ቅበላ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አታውቅም እንዴ? የመንደሩ ሰዎች ጾም ሊገባ ሲል ምን ያደርጋሉ? ያርዳሉ፣ እስኪበቃቸው ይበላሉ። ያ ነው ቅበላ። ያለ ቅበላ የተያዘ ጾም ደግሞ ጾም አይባልም።»

ገመሬ አሰበ። እውነትም ሰዎቹ ሲበሉ አይቷል። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮና ጎመን ሲበሉ ግን አላየም፤ ያን ጊዜ ጥሩ ትራፊ ስለማይገኝ ወደ መንደር አይወርድም ነበር። እንግዲህ የጾምን ጫፍና ጫፉን ያውቃል፤ መሃሉን አያውቅም።

ጭኑን በላ። በማግስቱ ሥር ጫረ፣ ቅጠል በላ። በሦስተኛው ቀን ነብር ሌላ ጭን ይዞ መጣ።

«አያ ገመሬ፣ እንኳን አደረሰህ፤ ጾሙ ተፈታ፤ ይህ መፈሰኪያህ ነው።»

«በአንድ ቀን?»

«ለትልቅ ሆድ አንድ ቀንም ብዙ ነው።»

ነገሩ አልገባውም። ቢሆንም በላ።

ማታ ስንጥቋ ከፊተኛው ይልቅ አጥብቃ ያዘችው።

«አንቺ ስንጥቅ፣ ጾሜ መጥቼ ጭራሽ ጠበብሽ? ምን ይሉታል ይሄን?»

«እኔ ድንጋይ ነኝ» አለች። «ድንጋይ አይወፍርም፣ አይከሳም።»

እመት ጫሪትና ሁለት ወንድሞቿ ጎትተው አስገቡት፤ የጎኑ ጸጉር ድንጋዩ ላይ ቀረ።

«ምን በላህ?» አለችው እመት ጫሪት።

«ቅጠል።»

«ከቅጠሉ በፊትስ?»

«ቅበላ።»

«ከቅጠሉ በኋላስ?»

«መፈሰኪያ።»

«ቅጠሉን ስንት ቀን በላህ?»

«አንድ ቀን።»

እመት ጫሪት ግንባሯን ያዘች። «በል አሁን ጀምር» አለችው።

«አሁንማ መሽቷል። ነገ እጀምራለሁ።»

ይህንንም ነብር ሰማ። ጠዋት የበግ ላት ይዞ መጣ።

«አያ ነብሮ፣ ባለፈው እኮ ጾሜ ወፈርኩ። ግራ ገባኝ።»

«ቅጠሉን ለብቻው ስለበላኸው ነው» አለ ነብር። «ቅጠል ከጮማ ጋር ሲበላ ጮማውን ጠርጎ ያወጣዋል። ደግሞ ጾመኛ አይለፋም፤ በልተህ ተኛ።»

ገመሬ ላቱን በቅጠል ጠቅልሎ በላ። ቅጠል በመብላቱም ኮራ። ሲያስተውል ነብሩ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

«አንተ ለምን አትበላም?» አለው።

«እኔ ለኋላ አስቀምጫለሁ» አለ ነብር።

ገመሬ ይህም አልገባውም። የዋህ ነው ብላችሁ ታዝኑለት ይሆናል፤ እኔ ግን ሆድ ሲጠግብ ጆሮ እንደሚደፈን ስለማውቅ አላዝንለትም።

ማታ መንጋው በሙሉ ተረባርቦ ጎትቶ አስገባው። እመት ጫሪት አለቀሰች። «አንድ ቀን እጃችን ያጥርና ከታች ትቀራለህ» አለችው። ገመሬም እንባዋን ጠረገላት። «በቃ፣ በልጆቻችን እምላለሁ፣ ነገ እጀምራለሁ» አለ።

በማግስቱ መንጋው ሥር ሊጭር ሄደ። ገመሬ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ቅበላውን ጠበቀ። ረፈደ፤ ነብር አልመጣም። ቀትር ሆነ፤ አልመጣም። ጥላው ረዘመ፣ መንጋው ወደ ገደሉ ገባ፤ ገመሬ «ሳልቀበልማ እንዴት እጾማለሁ» እያለ ተቀመጠ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነብር ባዶውን ብቅ አለ።

«አያ ነብሮ፣ ቅበላው የታለ?»

«ዛሬ ቅበላው የእኔ ነው። ነገ እኔም ጾም እጀምራለሁ።»

«አንተ? ቅጠል ልትበላ?»

«እሱን ነገ አስብበታለሁ።»

«ታዲያ ሥጋው የታለ?»

ነብር ከጆሮው እስከ ጅራቱ አየው። ከጅራቱ እስከ ጆሮው አየው። ከዚያ ሆዱ ላይ ዓይኑን ተከለ።

ገመሬ ያን ጊዜ ገባው። ፈራ፤ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። እያለከለከ ሮጦ ስንጥቋ ውስጥ ገባ፤ ራሱና ደረቱ አለፉ፤ ሆዱ ቀረ።

«ስንጥቅ፣ እባክሽ አንዴ ስፊልኝ።»

«ብሰፋልህ ነብሩም ይገባል» አለች ስንጥቋ።

ከላይ እመት ጫሪትና መንጋው ጎተቱ። ከታች ነብር ዘሎ መቀመጫውን በጥፍሩ ያዘ። ከላይ ጎተቱ፣ ከታች ጎተተ፣ ከላይ ጎተቱ። በመጨረሻ ገመሬ ገባ፤ የመቀመጫው ጸጉር ከነቆዳው ነብር እጅ ላይ ቀረ። የዝንጀሮ መቀመጫ እስከ ዛሬ መላጣ የሆነው በዚያ ነው። ነብርም ያደነውን ሁሉ ለሌላ አብልቶ ባዶ ሆዱን አደረ።

እመት ጫሪት ለቁስሉ የሚሆን ቅጠል አኝካ መጣች። «የቱን እናስቀድም? ሆድህን ነው መቀመጫህን?»

«መጀመሪያ መቀመጫዬን» አለ ገመሬ እያቃሰተ። «ሆዱን ነገ እጀም…»

ሳይጨርስ የሣር ሥር ከነአፈሩ አፉ ውስጥ ከተተችበት።

«ዛሬ» አለችው። «ዛሬ ቅበላ የለውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመሬ ከመንጋው ጋር ወረደ፣ ጫረ፣ ቅጠል በላ፣ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ተነጫነጨ፤ በሁለተኛው ዝም አለ፤ ክረምቱ አልፎ ሜዳው አበባ ሲያወጣ ግን አንድ ምሽት ማንም ሳይጎትተው ስንጥቋን አለፈ። ዞር ብሎ አያት፤ አሁንም ግራ ገብቶታል።

«አንቺ ስንጥቅ፣ መቼ ሰፋሽ?»

«እኔ ድንጋይ ነኝ አልኩህ እኮ» አለችው።

ነገ የሚጀመር ጾም ዛሬን ይበላል። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም ዛሬስ በዳቦ ሳይሆን በሽንብራ እሸት አብሱልኝ።