ኳሱ ማን ጋ ነው?

አንድ ኳስ የሚወድ ሰው ነበር።

ወገኖቼ፣ የሚወድ ስላችሁ እንዲሁ ደርሶ የሚወድ እንዳይመስላችሁ። ከተማዋን ስሟን አልጠራም፤ ቡድኗን የምታውቁ አትጠፉም፣ ገና ከአሁኑ ክርክር ትጀምራላችሁ። ቆላ ናት፤ አቧራዋ ከሰው ጋር አብሮ ቤት ይገባል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። ቡድኑ በሚጫወትበት ቀን መንገድ ላይ ከሆነ፣ መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ፣ ራዲዮውን ከፍቶ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ሞተር አያስነሳም። ከተማ ውስጥ ከሆነማ ስታዲየም ነው፤ ፀሐይ በሚበረታበት በኩል፣ ጋዜጣ አጥፎ አናቱ ላይ ደፍቶ ታገኙታላችሁ።

ስሙን ጥጋቡ እንበለው።

የጥጋቡ ዓይን ጠፋ። ግላኮማ ነው አሉት፣ የዓይን ግፊት። በአንድ ጊዜ አልጨለመም፤ ከዳር ከዳር እየበላ መጣ። ግራና ቀኙ ጠፍቶ መንገዱን በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆነ። ቆይቶ ቀዳዳውም ተደፈነ። መኪናውን አስረከበ፤ ቤት ዋለ።

ቤት የዋለ ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጁ መሪ ይፈልጋል። እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ጆሮው ብቻ ሥራ አለው።

ጆሮው የቀረለት ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ኳሱን በጆሮው ያዘ። የከተማው ራዲዮ ጨዋታ ማስተላለፍ ትቶ ስለነበር የቀረው ቴሌቪዥን ነው። ወንበሩን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቀመጣል።

ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንዱ ኮሜንታተር፣ አንዱ ተንታኝ።

«እንዴት ያለ ኳስ ነው! አያችሁልኝ? ይህንን አያችሁልኝ?» ይላል ኮሜንታተሩ።

«አላየሁም» ይላል ጥጋቡ ከወንበሩ።

«ምስሉ ራሱ ይናገራል፤ እኔ ምንም አልጨምርበትም።»

«ጨምርበት እንጂ!»

ተንታኙ ደግሞ ይቀበላል። ስለ እንግሊዝ ክለቦች ዝውውር ያወራል። ስላረፉበት ሆቴል ቁርስ ያወራል። እሱ ልጅ ሳለ ሰፈሩ ውስጥ በጨርቅ ኳስ እንዴት አድርጎ ያታልል እንደነበር ያወራል። ሁለቱም ይስቃሉ። ከኋላቸው ሕዝቡ ይጮሃል፤ አንድ ነገር ሆኗል። ምን እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም።

«ኳሱ ማን ጋ ነው?» ይላል ጥጋቡ። «አንተ ሰው፣ ስለ ፈጠረህ፣ ኳሱ ማን ጋ ነው?»

የድሮዎቹ የራዲዮ ሰዎች ትዝ ይሉታል። ኳሱ በቀኝ መስመር፣ ተመላላሹ አገኘ፣ አንድ ሰው አለፈ፣ አሻገረ፣ በረኛው ያዘ። እነዚያ ዓይናቸውን ያውሱት ነበር። እነዚህ ግን አስተያየታቸውን ይሰጡታል። አስተያየት ደግሞ ጥጋቡም አለው፤ ሞልቶ የተረፈው።

አንድ ቀን ልጁን በላይነሽን ስልክ አስደውሎ ጣቢያውን አገኘ። አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳች። «እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ሌላ አልለምንም፣ ኳሱ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ይንገሩኝ» አላት። ልጅቱም፣ «አባቴ፣ አስተያየትዎን ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን» አለችው። በሳምንቱ ኮሜንታተሩ፣ «አያችሁልኝ?» ሲል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ መጮሁም ሰለቸው። ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር። የሚጮህ ሰው ገና ተስፋ አለው፤ ዝም ያለ ሰው ነው የሚያስፈራው።

ሚስቱ ትርንጎ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ከበዳት። አንድ ቀን ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች አጠገቡ ተቀመጠች። ኳስ ወዳ አታውቅም። ባሏን በየእሁዱ የሚወስድባት ነገር ነበርና እንደ ጣውንት ነበር የምታየው።

«መሃል ሜዳ ላይ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ኳሱ ነዋ። ሰማያዊ የለበሰ ልጅ ይዞታል። ፀጉሩን የተላጨው።»

ጥጋቡ ቀና አለ። «እሱ ተከላካይ ነው። እሺ፣ ቀጥዪ።»

«አሁን ለጓደኛው ሰጠው። ጓደኛው አልፈለገውም መሰለኝ፣ መለሰለት። ... አሁን ደግሞ አንዱ ባንዲራ አነሳ።»

«ከጨዋታ ውጪ ነው።»

«ኧረ ሁሉም ውስጥ ናቸው፣ ማንም አልወጣም!»

ጥጋቡ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ትርንጎ ዓይኑ ሆነች። እዚህ ላይ ታሪኩን ባቆምላችሁ ደስ ብሏችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዱ ነበር። አይደለም? ግን አላለቀም።

ሰው ክፉ ለማድ ነው፤ በጎ ነገር ቶሎ ይለምድና መብቴ ነው ይላል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ሰንበትበት ሲል ጥጋቡ፣ «ፈጠን በዪ እንጂ!» ይላት ጀመር። «ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ሰማያዊ ሰማያዊ አትበይኝ!» ይላታል። ትንፋሽ ልትወስድ ዝም ካለች፣ «ምን ሆነ? ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላል። በእነዚያ ሁለት ሰዎች ላይ ይቆጣ የነበረውን ቁጣ፣ እነሱን ስላላገኛቸው፣ በእሷ ላይ አዞረው።

ይህች ሴት ጎህ ሲቀድ የምትነሣ ናት። ወደ መጸዳጃ የምትመራው እሷ። የዓይን ጠብታውን የምታደርግለት እሷ። ውኃው፣ ገበያው፣ ልብሱ፣ ምግቡ፣ ሁሉም እሷ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቁጭ ስትል ደግሞ፣ «ቁጥሩን ንገሪኝ!»

የውድድሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ቡድኑ ካላሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። ከቀትር በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ጣራው ላይ ተኝቷል። ትርንጎ ከጠዋት ጀምራ አልጋ ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ገና እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ መጥታ ተቀመጠች።

ጨዋታው አቻ ሆኖ ሊያልቅ ነው። ሕዝቡ ጮኸ።

«ምን ሆነ?»

«አንዱ ወደቀ። ዳኛው እያሳየ ነው ... ወደዚያች ነጭ ነጥብ።»

ጥጋቡ ብድግ አለ። «ፍጹም ቅጣት ምት! ለማን?»

«ለእኛ።»

«ማን ሊመታ ነው?»

«ያ ቀጭኑ ልጅ። ኳሷን አስቀመጠ ... ወደ ኋላ ሄደ ... ቆመ ...»

ጸጥ አለች።

«እሺ?»

ከቴሌቪዥኑ ጩኸት ፈነዳ። «ኦ! ኦ! ኦ! ወይኔ! ምንድን ነው የምናየው! ይህንን ለልጅ ልጆቻችን ነው የምናወራው!»

«ምን ሆነ? ትርንጎ! አገባው?»

«ቃላት የለኝም!» ይላል ኮሜንታተሩ።

«እኔም ቃላት አጠረኝ!» ይላል ተንታኙ። ቃል የለንም እያሉ ግን ማውራታቸውን አላቆሙም።

ጥጋቡ እንቅልፍ እንደወሰዳት ገባው፤ ሊቀሰቅሳት እጁን ዘረጋ። ትከሻዋን ያዘ።

ያዘና ቆመ። ትከሻዋ በእጁ ውስጥ አነሰበት። እሱ የሚያውቃት ትርንጎ፣ ዓይኑ ሳይጠፋ ያያት ትርንጎ፣ ደልደል ያለች ሴት ነበረች። ይህ አጥንት ነው። ጆሮውን ጠጋ አደረገ። ትንፋሿ ያጥራል። ተቀምጣ ተኝታ ሳለ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው የምትተነፍሰው። መጨረሻው ላይ ሲር የሚል ነገር አለው።

ይህንን ድምፅ እስከ ዛሬ ሰምቶት አያውቅም። ጆሮ ብቻ የቀረለት ሰው!

ቴሌቪዥኑ ይጮሃል። አንዴ ነቅነቅ ቢያደርጋት ቴሌቪዥኑን አይታ ትነግረው ነበር። አንድ ቃል ናት፤ አገባው ወይም ሳተው። እጁን ከትከሻዋ አነሳ። በዳበሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ማጥፊያውን ፈልጎ አጠፋው። ተመልሶ ተቀመጠና የሚስቱን ትንፋሽ ያዳምጥ ጀመር።

ብዙ ቆይታ ባነነች።

«ውይ! ወሰደኝ እንዴ? ምን ሆነ? አገባው?»

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ? ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ትርንጎ፣ አንቺ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። እንቅልፍ ነው።»

«አይደለም። ኳሱን እንደምትነግሪኝ አድርገሽ ንገሪኝ። አንድ ባንድ።»

እያመነታች ጀመረች። ከገበያ ስትመለስ ትንፋሽ እያጠራት በየመንገዱ እንደምትቀመጥ። በጀርባዋ መተኛት ስለማትችል፣ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ግድግዳ ተደግፋ እንደምታድር። እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት የእሱን ነጠላ ጫማ እንደምታደርግ።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ክረምቱ ሳይወጣ።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«አልጠየቅኸኝማ» አለች። የተናገረችው በቁጣ አይደለም፤ ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ቀጥላም፣ «በአንተ ላይ ደግሞ ምን ልጨምር ብዬ ነው» አለችው።

ጥጋቡ አለቀሰ። የጠፋ ዓይን እንባ አይጎድለውም፣ ወገኖቼ።

በማግስቱ በላይነሽ መጥታ ሁለቱንም ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ «እናቴ፣ ልብዎ ደክሟል» አላት። ይህንን ለማወቅ ሐኪም ያስፈልግ ነበር? መድኃኒት አዘዘላት፤ ጨው ቀንሺ፣ ከባድ አታንሺ ተባለች።

ወረፋ ሲጠብቁ ሁለት ጎረምሶች ከኋላቸው ስለ ጨዋታው ያወሩ ነበር። ቀጭኑ ልጅ ስቷል። ኳሷን ሰማይ ላይ ሰቅሏታል። ቡድኑ ወርዷል። ጥጋቡ ሰማ። ተራው ሲንቀሳቀስ ትርንጎን ክንዷን ይዞ አንድ ወንበር ወደ ፊት ተጠጋ።

ትርንጎ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። መድኃኒቱን እየወሰደች፣ እያረፈች፣ አለች። ጥጋቡ ዕቃ ማጠብ ተምሯል፤ ብርጭቆ ይሰብራል። ኳስ ሲኖር ጎረቤታቸው ሱሩር ይመጣና ያያል፤ ይነግረዋል። ትርንጎ ጓዳ ጋደም ብላ ትሰማቸዋለች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህንን ለምን አመጣሁባችሁ?

አንደኛ ነገር፣ ሰውየው በኮሜንታተሮቹ ላይ ያቀረበው ክስ እውነት ነበር። ልብ በሉ፣ አልተሳሳተም! የሚያዩ ሰዎች ለሚያዩ ሰዎች ያወሩ ነበር። እኛስ? ለጸሎት ስንሰበሰብ ልጇን የቀበረች እናት መካከላችን መጥታ ትቀመጣለች። እኛ፣ «እንደምታውቁት እግዚአብሔር መልካም ነው» እንላለን። አታውቅም! ዛሬ አታውቅም፤ ዛሬ ጨልሞባታል። እሷ የምትጠይቀው በዚህ ሁሉ መሃል እርሱ የት እንዳለ ነው። እኛ ግን፣ «ቃላት የለንም» እያልን ሰዓቱን እንሞላዋለን። ቃል ከሌለህ ዝም በልና አጠገቧ ተቀመጥ። ቃል ካለህ ደግሞ ያየኸውን ንገራት። እግዚአብሔር አንተን የት እንዳገኘህ፣ በየትኛው አልጋ፣ በየትኛው እስር ቤት፣ በየትኛው ጠዋት፤ ያየኸውን።

ሁለተኛው ግን ይብሳል። ጥጋቡ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን የሚስቱን ትንፋሽ አላሰማውም። በየሳምንቱ «ምን ሆነ?» አለ። «ምን ሆንሽ?» ለማለት ግን ክረምትና በጋ ፈጀበት። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? እናንተ ንገሩኝ።

ስለ አገሩ ሁሉ ምን ሆነ እንላለን። ስለ ገበያው፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ጋብቻ ምን ሆነ እንላለን። የማይነግሩን ሰዎች ላይ እንቆጣለን፤ ደግሞም ልክ ነን። ቤታችሁ ውስጥ ግን ድምፁ ለእናንተ አገልግሎት ብቻ የሚሰማ ሰው የለም? በሩን የሚከፍት፣ ምግቡን የሚያቀርብ፣ ልጆቹን የሚያመላልስ፣ ሲጠሩት አቤት የሚል? እናታችሁ ናት? ባልሽ ነው? ሠራተኛችሁ ናት? ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችሁት መቼ ነው?

ደክሟችኋል፣ አውቃለሁ። ዘመኑ ሁላችንንም አድክሞናል። የደከመ ሰው ሌላ የደከመ ሰው ማየት ያቅተዋል። ቢሆንም ዛሬ ስትገቡ አንድ ሰው ጠይቁ። «ምንም አልሆንኩ» ይላችኋል፤ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ያኔ አትነሡ። ቁጭ ብላችሁ ሁለተኛውን ጠብቁ።