የሰንፔሩ ክር

«አንድ መሐንዲስ ነበረ» ብለው ጀመሩ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ያረጁት መምህር ውቤ። ጠያቂያቸው ጎረቤታቸው ዘርትሁን ናት። ወንድሟ በመጠጥ እየጠፋ መሆኑን ለዘመድ በግልጽ በመናገሯ ሁሉም አኩርፏታል። ወንድሟ ታክሞ ከዳነ በኋላም ደጇን የሚረግጥ ጠፋ። «እውነቱን ተናግሬ ብቻዬን ቀረሁ። እስኪመጡ ልጠብቅ?» ብላቸው ነበር።

መሐንዲሱ በአንድ ብረት ማቅለጫ የምድጃውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ይሠራ ነበር። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ክር እሳቱ ውስጥ ሰደደ። ክሩ ሙቀቱን አልቻለም፤ እየደፈረሰ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። አብረውት የጀመሩት ተስፋ ቆርጠው አንድ በአንድ ተዉት። ከአንደበቱ ቃል ሳይወጣ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበር። በመጨረሻ ኃይለኛ ሙቀት ከሚችለው ከሰንፔር ድንጋይ የተሠራ ክር አስገባና በክሩ ተመልሶ የመጣውን ብርሃን አነበበ። ሙቀቱ ሁሉም ከሚያስበው እጅግ ይበልጣል።

ወደ ምድጃው አለቃ ሮጠ።

«ጋሼ፣ የውስጡ ጡብ እየተበላ ነው። እሳቱን ያስጠፉና ሰዉን ያስወጡ።»

«ምድጃው ግድግዳ ላይ ያለው የድሮው መለኪያ ደህና ነው ይላል። ያንተ ክር ስንቴ አሳስቶናል?»

«እውነት ነው፣ አሳስቷል። ዛሬ ግን ይጥፋ። ከተሳሳትኩ ሥራውን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

አለቃው እየተራገመ አስጠፋው። ሥራ በመቆሙ ሠራተኛው ሁሉ ጠመደው። እሱ ሲያልፍ ጨዋታ ይቆማል፤ ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ። ምድጃው በርዶ ሲከፈት ጡቡ ተበልቶ ስሱ ቅርፊት ብቻ ቀርቶት ተገኘ። ትንሽ ቢቆይ የቀለጠው ብረት ሰዎቹ ላይ ይፈስ ነበር።

መሐንዲሱ አሁንስ ይመጣሉ ብሎ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ቀድሞ በንዴት የራቁት፣ አሁን ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ብቸኝነቱ ከበፊቱ ባሰበት። አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ሠራተኞቹ ከሚበሉበት ገባና አለቃው አጠገብ ተቀመጠ።

«እንብላ» አለ።

አለቃው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «በምን ፊቴ ልምጣ ብዬ እኮ ነው» አለ።

መምህር ውቤ ወደ ዘርትሁን ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ዘመዶችሽም እንደዚያ አለቃ ናቸው። አሁን የሚያርቃቸው ቂም አይደለም፤ አፍረውሽ ነው። ክፉውን ወሬ ይዘሽ በራቸውን ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ፤ ሰላምታውንም ይዘሽ ቀድመሽ ሂጂ። አለዚያ እውነትሽን እንዳቀፍሽ ብቻሽን ታረጃለሽ።»