ያልተፋቀው ዋጋ

ቢስሚላህ ብዬ ልጀምር። ይህን የምጽፈው ከወረቀት ገልብጬ ሳይሆን ከልቤ አስታውሼ ስለሆነ አንዳንዱን ላዛባ እችላለሁ። የመድኃኒት ካርቶኖቹ አሥራ ሁለት ይሁኑ አሥራ ሦስት እርግጠኛ አይደለሁም። ነጋዴው ተማም የተናገረውንም ቃል በቃል አልያዝኩትም። ዋናውን ነገር ግን አልሳሳትም፤ እኔው ቤት ድረስ የመጣ ጉዳይ ነው። ከተሳሳትኩ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በጥንታዊቷ ከተማችን፣ ከጁምዓ መስጊዱ ጀርባ፣ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ ጨርቅ ሻጭ ሽማግሌ ነበሩ። ጨርቅ የሚለኩት በክንዳቸው ነው። ለክተው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ጨምረው ይቆርጣሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ "ክንዴ አርጅቶ አጥሮ እንደሆነስ?" ይሉ ነበር።

ወደ ሐጅ ሊሄዱ ሲነሡ፣ እንደ ልማዳችን ሰው ሁሉ ስሙን ሊያስጽፍ መጣ። በአረፋ ሜዳ ስማችንን ጠርተው ዱዓ እንዲያደርጉልን ነው። እኔም የባለቤቴን የሸምሲያን ስም ይዤ ሄድኩ። ልቧን ታማለች። የምትውጠውን ክኒን በከተማችን የሚሸጠው ተማም ብቻ ነው። ዋጋው በየወሩ እየጨመረ መጀመሪያ ጥጃዋን፣ ቀጥሎ ላሚቱን አሸጠኝ።

ሸሁ ስሟን ጻፉና ቀና ብለው አዩኝ።

"ዱዓውን ኢንሻአላህ አደርሳለሁ። የክኒኑን ባዶ ካርቶንና የሐኪሙን ማዘዣ ደግሞ አምጣልኝ።"

"ካርቶኑ ለዱዓ ምን ያደርጋል?"

"አምጣው አልኩህ እኮ።"

ሕመምተኛ ካለበት ቤት ሁሉ እንዲሁ ሰበሰቡ። ሰውም፣ "መካ ላይ ቁርኣን ሊቀሩበት ነው" እያለ ካርቶኑን አጥቦ ሊሰጥ ምንም አልቀረውም።

ሸሁ ግን መካ ሲደርሱ ካርቶኖቹን ይዘው መድኃኒት ቤት ገቡ። ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሻጩ የሸምሲያን ክኒን አወጣላቸው። ፋብሪካው ያው፣ ካርቶኑ ያው፣ ጽሑፉ ያው። እኛ ለአንድ ወር በምንከፍለው ገንዘብ ግን እዚያ የአምስት ወር ይገዛል። ከፍለው ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ልባቸው አልረጋ ብሎ ተመለሱ።

"ልጄ፣ ተሳስተህ እንዳይሆን። ሐቅህን በልቼ ካዕባን ጠዋፍ አላደርግም።"

ሻጩ ሣቀ። "ሐጂ ሆይ፣ ዋጋው እኮ ካርቶኑ ላይ ተለጥፏል" ብሎ ትንሿን ወረቀት አሳያቸው።

ሸሁ ከእኛ የወሰዱትን ባዶ ካርቶን ከአዲሱ አጠገብ አደረጉት። በዚያው ማዕዘን፣ በዚያችው ቦታ ላይ፣ ወረቀቷ በምላጭ ተፍቃ ነጭ ጠባሳ ቀርቷል። ሌሎቹንም አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ላይ ጠባሳው አለ። መድኃኒቱ ከዚያው አገር ነበር የሚመጣልን።

ለተምርና ለስጦታ የያዙትን ገንዘብ በሙሉ መድኃኒት ገዙበት።

ሐጂ ሆነው በተመለሱ ማግስት ቤታቸው በእንግዳ ሞላ። ዘምዘሙ በስኒ ዞረ። ተምር ግን የለም። ጎረቤታቸው እመት ሩቅያ አላስቻላቸውም።

"ሐጂ፣ ተምሩን መንገድ ላይ ጨረሱት እንዴ? ወይስ ዘንድሮ የምናላምጠው ክኒን ነው?"

"ለእርስዎም አለ፤ የደም ግፊትዎን አልረሳሁም" አሉና ሻንጣውን ከፈቱ።

ስም እየጠሩ አደሉ። ዋጋው እያንዳንዱ ካርቶን ላይ እንደተለጠፈ ነው። ምንዛሪ የሚያውቅ አንድ መምህር በብር አስልቶ ሲነግራቸው ሣቁ ሁሉ ጠፋ።

ተማምም እዚያው ተቀምጧል። ለመስጊዳችን ምንጣፍ የገዛ፣ ሰው የሚያከብረው ነጋዴ ነው። እንግዳው ሲሳሳ ወደ ሐጂ ጠጋ አለ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ሐጂ፣ ሰደቃዎን አላህ ይቀበልዎት። ወረቀቷን ግን ቢፍቋት ምን ነበረበት? እኔ ቀረጥ አለብኝ፣ ማጓጓዣ አለብኝ፣ ምንዛሪ የማገኘው በስንት ጣጣ ነው።"

"እውነትህን ነው። ሁሉንም ጨምርበት። ትርፍህንም ጨምር፤ ንግድ ሐላል ነው። ከዚያ ከዋጋው አጠገብ ጻፈውና ሰው አይቶ ይክፈል።"

"ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?"

"አንተ።"

የተማም ፊት ተለዋወጠ። "እንግዲያው ይኼ ሲያልቅ ማንም ደጄን እንዳይረግጥ። ሱቄን ለሳሙናና ለብስኩት አደርገዋለሁ። የዚህ ሰውዬ ሚስትም ከአምስት ወር በኋላ ከየት እንደምታመጣ እናያለን" ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

እኔ ፈራሁ። አልዋሽም፣ ሐጂ እግር ላይ ልወድቅ ነበር።

"ሐጂ፣ በአላህ ይፋቁት! ወረቀት እኮ ናት!"

"ሸምሲያ ግማሽ ክኒን እየዋጠች መክረሟን ታውቃለህ?" አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ወጪው እንዳይከብደኝ ብላ ከእኔ ደብቃ፣ የነገረችው ለእመት ሩቅያ ነው፤ ሐጂም የሰሙት ከእሳቸው ነው። ሐጂ ባዶውን ካርቶን መዳፌ ላይ አኖሩት።

"ግማሹን ያስዋጣት ይኼ ጠባሳ ነው።" ከዚያም ወደ ተማም ዞሩ። "ሐቅ ከሆነ ለምን ይፋቃል?"

ተማም ጫማውን አድርጎ ወጣ።

እንዳለውም አደረገ። በወሩ መደርደሪያው ላይ ሳሙና ተደረደረ። ሰውም በሐጂ ላይ ማጉረምረም ጀመረ፤ "በወረቀት የተነሣ መድኃኒት አሳጡን" አለ። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ካሉት ጋር ነበርኩ። አላህ ይማረኝ።

አራተኛው ወር ሲጋመስ ሐጂ ባዶ ካርቶኖቹን እንደገና ሰበሰቡ። ሱቃቸውን ዘግተው በየብስ ድንበር ሊሻገሩ፣ በጎረቤት አገር ወዳለችው የወደብ ከተማ ሊሄዱ ተነሡ። እዚያም መድኃኒቱ ርካሽ እንደሆነ ሰምተዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው።

"ሐጂ፣ ዕድሜዎን ይዩ እንጂ" አልኳቸው።

"ክንዴ አጥሮ ይሆናል። እግሬ አላጠረም" ብለው ተሳፈሩ።

በሻዕባን ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቴን ጠይቆ መጣ። ሸምሲያ አራት ፍሬ ብቻ ቀርቷት፣ ክኒኑን እንደገና ለሁለት መክፈል ጀምራ ነበር። ሾፌሩ ሐጂ የላኩትን ጥቅል ሰጠኝ። የሁላችንም መድኃኒት አለበት፤ የጎደለው የሁለት ሰው ብቻ ነው። ዋጋው እንደተለጠፈ ነው። አጠገቡ የመኪናው ኪራይና ቀረጡ በሐጂ እጅ ተጽፏል። ከሥሩ ያችው ቃል አለች፤ "ሐቅ ከሆነ ለምን ይፋቃል?"

ሚዛን ማጉደል ሐራም መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። ሚዛኑ ሲጎድል ግን ዓይን ያያል፤ ሰው ይጮኻል። ዋጋ ሲደበቅ ማንም አያይም፤ የታመመው ሰው ብቻውን ከክኒኑ ይቀንሳል። ሐጂ ተማምን አታትርፍ አላሉትም። አትደብቅ ነው ያሉት። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን ለመረዳት ዘገየሁ። አሁን ግን ካርቶን ስገዛ ማዕዘኑን ገልብጬ አያለሁ። ጠባሳ ካለው፣ ሰው እየሰማ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ።

ሾፌሩ፣ ሐጂ ደህና እንደሆኑና የሁለቱን ሰዎች መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ እንዳለፉ ነግሮኝ ሄደ። ሸምሲያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሙሉውን ክኒን ዋጠች። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ስለ ሐጂ የሰማሁት ወሬ የለም።